ያውቁ ኖሯል? በሰማይ የተዳፈኑ ፍሞች

በባሌ ተራሮች፣ ዲንሾ ላይ፣ ብርዱ ሲጠና እሳት አይጠፋም፤ በአመድ ይዳፈናል! ከላይ ላየው የሞተ ይመስላል። በማለዳ ጫር ሲያደርጉት ግን ፍሙ ቀይ ነው። ሰማዩም እንዲሁ በተዳፈነ ፍም የተሞላ መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

በትልልቅ ጋላክሲዎች እምብርት ላይ አንድ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ተቀምጧል! የሌለበትን ትልቅ ጋላክሲ ማግኘት ይከብዳል! ከገባበት ብርሃን እንኳ አይወጣም። ጉድጓዱ ራሱ ጨለማ ነው፤ የሚያበራው ሊዋጥ በዙሪያው የሚሽከረከረው ጋዝ ነው! ጋዙ ሲጎርፍ እምብርቱ ከመላው ጋላክሲ ከዋክብት ድምር በላይ ይንቦገቦጋል፤ ኩዌዛር ይሉታል። ጋዙ ሲሳሳ ይዳፈናል። ይህ ሁለተኛው ደብዛዛ ንቁ እምብርት ይባላል፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝም እሱ ነው!

ኩዌዛር ምን ያህል ይደምቃል? 3ሲ 273 የምትባለው ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቃ ሳለች ሰዎች ከጓሯቸው በትንሽ ቴሌስኮፕ ያዩዋታል! ማርተን ሽሚት የርቀቷን ምስጢር እስኪፈታ ድረስ፣ ማለትም እስከ እ.ኤ.አ. 1963፣ ተራ ኮከብ ትመስል ነበር!

ኩዌዛር ግን ብርቅ ነው! ሉዊስ ሆ፣ አሌክስ ፊሊፔንኮና ዋላስ ሳርጀንት በፓሎማር ተራራ ቴሌስኮፕ 486 ጎረቤት ጋላክሲዎችን አንድ በአንድ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ውጤቱን ይፋ ሲያደርጉ ከ100ው በ40ዎቹ ያህል እምብርት ውስጥ የነቃ ነገር ተገኘ! አብዛኛው ደብዛዛ! ተኝተዋል የተባሉት አልተኙም ነበር!

ለእርስዎ የቅርቡ የተዳፈነ ፍም የት እንዳለ ያውቃሉ? በራሳችን ጋላክሲ፣ በፍኖተ ሐሊብ እምብርት! ስሙ ሳጂታሪየስ ኤ ስታር ነው። ክብደቱ 4 ሚሊዮን ፀሐይ! አባቶቻችን ቀውስ ብለው በሚጠሩት የከዋክብት ክልል ውስጥ ተሸሽጓል።

አቅጣጫውን ከዲንሾ ማየት ይችላሉ! በየካቲት መጨረሻ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ጋቢዎን ደርበው ይውጡ። ፊትዎን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዙሩ። የፍኖተ ሐሊብ ወተት የወፈረበት፣ ከዓቅራብ ጅራት አጠገብ ያለው ቦታ እሱ ነው! ጉድጓዱን አያዩትም፤ ሰፈሩን ግን ያዩታል።

4 ሚሊዮን ፀሐይ የሚመዝነው ይህ ጉድ የሚሰጠው ብርሃን ስንት ነው? የጥቂት መቶ ፀሐይ ያህል ብቻ! አይሳሳቱ፣ ሚሊዮን አላልኩም፤ መቶ ነው ያልኩት!

ለምን ቢሉ፣ ጾመኛ ነውና! ጉድጓዱን ወደ ሰው ክብደት ቢያሳንሱት፣ አንዲት የጤፍ ፍሬ ለመጉረስ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል! አንዲት ፍሬ!

ደግሞም ከቀረበለት ውስጥ ጉሮሮው የሚደርሰው ከ100 እጅ 1 እጅ አይሞላም! የቀረው ጋዝ ደጃፉ ላይ ደርሶ ተመልሶ ይነፍሳል።

ይህችኛዋ ደግሞ ጭንቅላት ታዞራለች። በደብዛዛዎቹ እምብርቶች ያለው ጋዝ ከኩዌዛሮቹ ጋዝ የበለጠ ይግላል! በቢሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ! ሙቀቱ ይብሳል፣ ብርሃኑ ያንሳል! ጋዙ እጅግ ስስ ስለሆነ ሙቀቱን ሳያበራ ይዞት ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ራመሽ ናራያንና ኢንሱ ዪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1994 በሒሳብ አሳዩ።

ፀሐያችን ሃይድሮጂን ስታነድ ከነዳጇ ክብደት ወደ ኃይል የሚለወጠው 0.7 በመቶ ብቻ ነው! በደንብ የሚመገብ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ ግን 10 በመቶ ገደማ ይደርሳል! በተፈጥሮ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ምድጃ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ፀሐይን ወደ ጥቁር ጉድጓድነት ቢጨምቋት ስፋቷ ስንት ይሆናል? ከዳር እስከ ዳር 6 ኪሎ ሜትር! ከሮቤ ወደ ጎባ በእግርዎ ቢነሡ መንገዱ ሳያልቅ ርዝመቷን ይጨርሱታል! ምድርስ? ከባቄላ ፍሬ አትበልጥም! ተራራው፣ ባሕሩ፣ ከተማው ሁሉ፣ በአንዲት ባቄላ!

የፍኖተ ሐሊብን እምብርት ድምፅ መጀመሪያ የሰማው የሰማይ ተመራማሪ አልነበረም! የስልክ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር! ካርል ጃንስኪ በአትላንቲክ ማዶ ጥሪዎች ላይ የሚገባውን ረብሻ ሲያሳድድ፣ በአጭር ሞገድ አንድ የማያቋርጥ ሽውታ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1933 ምንጩ ሰማይ መሆኑን አስታወቀ! ትክክለኛዋን ነጥብ ለማግኘት ግን ሌላ 41 ዓመት ፈጀ፤ ብሩስ ባሊክና ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1974 አገኟት።

ኤስ 2 የምትባል ኮከብ ይህን ጉድጓድ በ16 ዓመት አንዴ ትዞረዋለች! እ.ኤ.አ. በ2018 እጅግ ስትቀርበው ፍጥነቷ በሰከንድ ከ7,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር! ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓይንዎን አንዴ እስኪያርገበግቡ ደርሶ መልስ!

አንድሪያ ጌዝና ራይንሃርድ ጌንዝል ይህችን ኮከብና ጎረቤቶቿን ከ20 ዓመት በላይ ያለመታከት ተከታተሉ። የማይታየውን ጉድጓድ በሚታዩት ከዋክብት ዙረት መዘኑት! እ.ኤ.አ. በ2020 ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

አሁን ይህን ይስሙ! ጌዝ የተጠቀሙባቸው የኬክ ቴሌስኮፖች ያሉበት የሃዋዩ ማውና ኬያ ከፍታው 4,205 ሜትር ነው። የእኛው የባሌ ተራራ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር! ይበልጣል! ጌንዝል የሠሩበት የቺሊው ፓራናል ደግሞ 2,635 ሜትር ብቻ ነው። ዲንሾ ከተማ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት! እርስዎ ዲንሾ ላይ ሻይ እየጠጡ ከዓለም ታላላቅ ቴሌስኮፖች አንዱን ቁልቁል ይመለከታሉ ማለት ነው!

ሳኔቲ አምባ ላይ ሲቆሙ ከአየሩ ሲሶ የሚበልጠው ከእግርዎ በታች ቀርቷል! የሚያጥርዎት ትንፋሽ ለከዋክብቱ ጥራት ነው። ጉምና ዝናብ በማይኖርበት የበጋ ሌሊት ያየው ሰው አይረሳውም።

የጉድጓዱን ፎቶ አይተዋል? ግንቦት 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ይፋ ሆነ! ቀለበቱ ከምድር ሲታይ የሚያክለው ጨረቃ ላይ የተቀመጠ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሳህን ነው! ጨረቃ ላይ! ይህን ለማየት በተለያዩ አህጉሮች ያሉ ቴሌስኮፖችን አስተባብረው ምድርን የምታክል አንዲት ዓይን ሠሩ።

መረጃው በኢንተርኔት የሚላክ አልነበረም፤ በዝቶ! በሃርድ ዲስክ ጭነው በአውሮፕላን አጓጓዙት! ከደቡብ ዋልታ የተሰበሰበው ደግሞ የዋልታው ክረምት እስኪያልፍ ወራት ተቀምጦ ጠበቀ። በረራ አልነበረማ!

የተዳፈነ ፍም አንዳንዴ ብልጭ ይላል! በግንቦት 2011 ዓ.ም. ሳጂታሪየስ ኤ ስታር በሁለት ሰዓት ውስጥ በኢንፍራሬድ ብርሃኑ ወደ 75 እጥፍ ዘለለ! ያዩት ተመራማሪዎች መጀመሪያ ሌላ ኮከብ መስሏቸው ነበር።

ከዚህ የባሰም ተፈጥሯል! የዛሬ 200 ዓመት ገደማ፣ እኛ ዘመነ መሳፍንት በምንለው ጊዜ፣ ከዚያ እምብርት ምድር የደረሰው ኤክስሬይ ከዛሬው ሚሊዮን እጥፍ ይበልጥ ነበር! ያኔ ማንም አላየውም፤ ኤክስሬይ በዓይን አይታይምና። እንዴት ታወቀ? አጠገቡ ያሉ የጋዝ ደመናዎች ማሚቶውን ዛሬ እየመለሱልን ነው! ተራራ ድምፅን እንደሚመልስ ደመናው ብርሃኑን መለሰው! አይኤክስፒኢ የተባለችው ሳተላይት ያነበበችው ምስክርነት እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ።

ከፍኖተ ሐሊብ ዝርግ በላይና በታች ሁለት ግዙፍ አረፋዎች ተነፍተው ቆመዋል! እያንዳንዳቸው 25,000 የብርሃን ዓመት ይረዝማሉ! እስከ እ.ኤ.አ. 2010 ድረስ መኖራቸውን ማንም አያውቅም ነበር። እምብርቱ በጥንት ዘመን ጠግቦ ያገሳበት ምልክት ሳይሆኑ አይቀሩም!

ዛሬ ከዚያ እምብርት ወደ እርስዎ የሚደርሰው ብርሃን ጉዞ የጀመረው ከ26,000 ዓመት በፊት ነው! ያን ጊዜ የባሌ ተራሮች አናት ላይ ምን ነበረ? የበረዶ ግግር! እዚሁ ባሌ፣ ሳኔቲ ላይ!

ሰውስ? ሰው ቀድሞ ደርሷል! ፊንጫ ሀበራ በሚባለው የባሌ ዋሻ፣ በ3,500 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ኖረዋል! ከፍ ባለ ተራራ ላይ ከታወቁት የሰው ልጅ መኖሪያዎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ! እራታቸው ግዙፉ ፍልፈል ነበር፤ ዛሬም ቀይ ቀበሮ የሚያደባበት ያው ፍልፈል! እሳት አንድደው ይጠብሱት ነበር! እነዚያ ሰዎች ቀና ብለው ያዩት የፍኖተ ሐሊብ ወተት ከላያቸው ሲያልፍ፣ ዛሬ ለእኛ የሚደርሰው ብርሃን ገና አልተነሣም ነበር!

በዓይንዎ ብቻ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ የሌላ ጋላክሲ እምብርት ማየት ይችላሉ! በኅዳር ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ከዲንሾ ወደ ሰሜን ሰማይ ቀና ይበሉ። የጉም ቁራጭ የምትመስለው አንድሮሜዳ ናት! 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት! ብርሃኗ ሲነሣ አፋር ጎና ላይ የጥንት ዘመዶቻችን ድንጋይ እየጠረቡ ነበር!

አንድሮሜዳ ልብ ውስጥ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ከእኛው ከ20 እጥፍ በላይ ይከብዳል! 100 ሚሊዮን ፀሐይ! ግን እሱም ተዳፍኗል፤ ያን ሁሉ ክብደት ይዞ ጭል ጭል ይላል!

ሰንቡላን ያውቋታል? ያቺ የከዋክብት ክልል የጥቁር ጉድጓዶች መንደር ናት! ቅድም ያነሣናት 3ሲ 273 እዚያ ናት። የባርኔጣ ቅርጽ ያላት የሶምብሬሮ ጋላክሲ እዚያ ናት፤ በእምብርቷ ወደ 1 ቢሊዮን ፀሐይ የሚከብድ የተዳፈነ ጉድጓድ ታቅፋለች! ኤም 87 የተባለችው ጋላክሲም እዚያው! በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች ሰንቡላ በዲንሾ ሰማይ መሐል፣ ከአናትዎ በላይ ትቆማለች።

ኤም 87 ሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም. በሰው ልጅ ታሪክ የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ፎቶ የታየባት ናት! የጉድጓዱ ክብደት 6.5 ቢሊዮን ፀሐይ! ፀሐይና ፕላኔቶቿ ሁሉ ከነምሕዋራቸው ውስጡ ይገባሉ፣ ቦታም ይተርፋል! ብርሃኑ የተነሣው ከ55 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ባሌን የሠራው ላቫ ገና አልፈሰሰም ነበር!

እና ይህ ሁሉ ግዙፍነት ተይዞ እሱም ከደብዛዛዎቹ ወገን ነው! ክብደቱ ሊሸከመው ከሚችለው ብርሃን ከ10,000 እጅ አንዱን እንኳ አይሰጥም! ሆኖም ሺህ የብርሃን ዓመታት የሚዘልቅ የእሳት ጅራፍ ከደጃፉ ይተኩሳል! ሂበር ከርቲስ ይህን ጅራፍ ያየው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው፤ ምን እንደሆነ ሳያውቅ! የተዳፈነ እሳት እንዲህ የሚወነጭፍ ከሆነ የነደደው ምን ሊያደርግ ነው!

ትንሹስ? ኤንጂሲ 4395 የምትባል ድንክ ጋላክሲ አለች። በመሐሏ ያለው ጉድጓድ ለእነዚህ ወገኖች እንደ ግልገል ነው፤ አንድ ሚሊዮን ፀሐይ እንኳ አይሞላም! ፍሙ ግን ንቁ ነው! ፊሊፔንኮና ሳርጀንት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲያገኙት ከዓይነቱ ሁሉ እጅግ ደብዛዛው ነበር።

ጥቁር ጉድጓድ በውኃ ተመዝኗል! ኤንጂሲ 4258 በተባለው ጋላክሲ እምብርት ዙሪያ የውኃ እንፋሎት በሬዲዮ ሞገድ ያበራል። እንፋሎቱ በሰከንድ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበር ተለካ! እ.ኤ.አ. በ1995 ጉድጓዱ ወደ 40 ሚሊዮን ፀሐይ እንደሚከብድ ከዚያ ታወቀ። ውኃ! ያው እኛ የምንጠጣው ውኃ!

ፍም ሲቀጣጠል በዓይን ታይቶ ያውቃል? አዎ! ከ300 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ፣ አሁንም በሰንቡላ ውስጥ፣ አንድ ዝምተኛ ጋላክሲ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ድንገት ደመቀ! ከዚያ ወዲህ አልጠፋም! ተመራማሪዎች አንስኪ የሚል የቁልምጫ ስም ሰጥተውታል። ቆይቶም በየ4 ቀን ተኩሉ ገደማ ኤክስሬይ መርጨት ጀመረ፤ እንደ ሰዓት!

ሲጠፋስ? እሱም ታይቷል! እ.ኤ.አ. በ2007 ሃኒ ፋን አርክል የተባሉ የሆላንድ ትምህርት ቤት መምህርት፣ ተመራማሪ ሳይሆኑ፣ በኮምፒውተራቸው የጋላክሲ ፎቶ ሲያገላብጡ አንድ እንግዳ የሚያበራ ደመና አዩ። አጠገቡ የነበረ ኩዌዛር ከከሰመ በኋላ የቀረ ብርሃን ነበር! ምድጃው ጠፍቶ ግድግዳው ገና ያበራል! ደመናው ዛሬም በስማቸው ይጠራል። አንድ የዲንሾ መምህርስ ምን ያገኝ ይሆን?

ጄምስ ዌብ የተባለው ቴሌስኮፕ ሥራ ከጀመረበት ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ በሰማይ ጥልቀት ውስጥ ማንም ያልጠበቃቸው ነገሮች ብቅ አሉ። ትንንሽ ቀይ ነጥቦች! ስማቸውም ያው ነው፤ ትንንሽ ቀይ ነጥቦች! ዓለም ገና ሕፃን ሳለች በብዛት ነበሩ፤ ብዙዎቹም የሚመገብ ጥቁር ጉድጓድ ሳይሸሽጉ አይቀሩም። ከሩቅ ቀላ ብሎ የሚታይ፣ ያደፈጠ አዳኝ! ሳኔቲ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲጠብቅ ያየ ሰው ይህ ሥዕል አይጠፋውም። በምድር ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላዩ የባሌ ናቸው!

ጂኤን-ዜድ 11 በተባለችው ጋላክሲ ውስጥ የተገኘው ጉድጓድ ዓለም ከተወለደች ገና 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆናት 1.6 ሚሊዮን ፀሐይ ሞልቶ ነበር! በዚያች አጭር ጊዜ ምን በልቶ እንዲህ ወፈረ? ሊቃውንቱን ዛሬም የሚያከራክር ጥያቄ ነው!

ይህን ሁሉ የሚያጠኑ በአገራችን እንዳሉ ያውቁ ኖሯል? ሰርቢያ ተወልደው ለዓመታት በኢትዮጵያ ያስተማሩት ሚርያና ፖቪች ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎቻቸው ጋር ንቁ እምብርቶች የጋላክሲን መልክ እንዴት እንደሚለውጡ መርምረዋል! በ2018 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ሰሎሞን በላይ ተሰማም ከስዊድኑ ኡልፍ ቶርከልሰን ጋር በከዋክብት ዙሪያ ስለሚሽከረከር ስስ የጋዝ ዝርግ እ.ኤ.አ. በ2010 ጽፈዋል፤ ጥቁር ጉድጓድን የሚያበራው የዚያው ዓይነት ዝርግ ነው!

እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ መስታወታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ! የአዲስ አበባ መብራት ግን ሰማዩን አደበዘዘባቸው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ጨለማ ፍለጋ ላሊበላ አጠገብ ወዳሉት ተራሮች ወጡ። ጨለማ ፍለጋ ተራራ መውጣት! ደብዛዛን ነገር ለማየት ጨለማ ሀብት ነው፤ ዲንሾ ይህን ሀብት ዛሬም በእጇ ይዛለች። እባክዎን፣ የደጅዎን አምፖል ክዳን ያድርጉለትና ወደ መሬት ያብሩት! ሰማዩም፣ በሌሊት የሚሰማራው ደጋ አጋዘንም ያመሰግንዎታል።

ሰማይ ማንበብ ለዚህ ምድር አዲስ አይደለም! ከባሌ በስተደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት የቦረና አያንቱዎች ጨረቃን ከሰባቱ ከዋክብት፣ ከኦሪዮንና ከሲሪየስ ጋር እያስተያዩ 354 ቀን ያለውን ዓመታቸውን ይቆጥራሉ! ያለ መሣሪያ፣ ያለ ወረቀት፣ በቃል!

የመጨረሻዋ ለቡና ወዳዶች! በ2019 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንድታወጣ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ዕድል ተሰጣት። ኮከቡ ቡና ተባለ! ፕላኔቱ አቦል! የሚገኙትም በአንድሮሜዳ የከዋክብት ክልል ውስጥ ነው፤ ያች የተዳፈነች ፍም ባለችበት አቅጣጫ! በባይናኩላር ይፈልጉት። ዓይንዎ የሚያርፍበት የቡና ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው የዛሬ 200 ዓመት ገደማ ነው!